እዚያስ ማን ይጠርጋል?

ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የተራራዋ አመድ፣
ዛፈራና ነቃች፣ ከል ለብሳ እስከ መንገድ።
በረንዳው፣ የወይን ሐረጉ፣ የመኪናው ጀርባ፣
የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ፣ የመስኮቱ አበባ፣
ሁሉም አንድ ቀለም።
ኑንዚያታን ግን አልገረማትም።
ሰማንያ ስድስት ዓመት ያገለገለ ወገቧን
ጎንበስ አድርጋ፣ ያዘች መጥረጊያዋን።
«እሷዬ አልተኛችም» አለችኝ፣ «ትናንት ማታ።»
የኤትናን ስም አታነሳም፤
እንደ ክፉ ጎረቤት ትጠቅሳታለች፣ በአክብሮት፣ በእርጋታ።
እኔም አስታማሚዋ፣ መድኃኒቷን ቆጣሪ፣
አካፋ ይዤ ቆምኩ፣ የአመድ ተማሪ።

ላይ ቤት የተከራየችው ጀርመናዊቷ ቪብከ፣
ስድስት ጎማ ያለው ሮቦቷ ተራራው ላይ ትናንት ተንበረከከ፤
ጠዋት ስትወርድ የተሰበረ ጎማ አቅፋ፣
«ማርስ ይህን ትመስላለች» አለች፣ አመዱ ላይ በጣቷ ጽፋ።
ክብ ሣለች ደረጃው ላይ፣ የትሪ አፍ የሚያህል፤
ጎኑ ላይ ቆንጥራ አመድ አኖረች፣ ባቄላ የሚመስል።
«ባቄላዋ ኤትና፤ ክቡ ኦሊምፐስ፣
ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ የሚደርስ።
የኛ መሬት ተንሸራታች ናት፤
ድስቷ ሳይሞላ ከምድጃው ላይ ትሸሻለች፤
ማርስ ግን እንደተጣደች ቀረች፤
ሚሊዮን ዓመት፣ ሺህ ጊዜ ሚሊዮን፣
እየገነፈለች፣ እየደረቀች፣ ተራራ እስኪሆን።»

«ከሥሩ ማን ይኖራል?»
«ማንም።»
«ወይንስ? ቲማቲምስ?»
«ምንም።»
«ታዲያ አመዱን ማን ይጠርጋል?»
ቪብከ ሳቀች።
ኑንዚያታ አልሳቀችም።

ከዚያ ቬነስ መጣች፣ በደመና ተሸፍና፣
ማንም ሳያይባት ጓዳዋ ውስጥ እሳት የምታነድድ ገና፤
የድሮ የራዳር ሥዕሎቿን ጎን ለጎን ቢያዩት፣
አንዱ አፏ ሰፍቶ ተገኘ፣ በስምንት ወራት።
ከዚያ አዮ፣ የጁፒተር ጨረቃ።
በአንድ ወገን ጁፒተር፣ በሌላው እህቶቿ፣
ሲጎትቷት፣ ሲጨምቋት፣ ይግላል ሆዷ፤
ድኝ ትተፋለች፣
ድኙም በረዶ ሆኖ ይወርዳል በገላዋ።
ቪብከ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

አወቅኳት።
አባቴ ጨው የሚጭን ሹፌር ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጋቢና አስቀምጦኝ፣
ዳሎልን አሳየኝ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝ።
ያው ቢጫ ነው። ያው የሚያታልል አረንጓዴ ውሃ፣
ጁፒተር ደጃፍ የተሰጣ የአፋር በረሃ።
«ይህንንስ አሽትቼዋለሁ» አልኳት።
ጎማውን አስቀመጠች። «ምን ይላል? ምን ይሸታል? ጉሮሮ ይይዛል?»
እዚህ ቤት ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከክኒን ሰዓት ሌላ
አንድ ነገር ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ።

ኑንዚያታ መጥረጊያዋ ላይ ተደገፈች።
«በዘጠና ሁለት» አለች፣
«እሷዬ የላይኛውን ቤቴን ልትወስድ ስትመጣ፣
በቀን ሃምሳ እርምጃ እየተንፏቀቀች፣ ያለ ቁጣ፣
ባሌ አልጋውን ጫነ። እኔ ወለሉን ጠረግሁ።
‹ምን ነካሽ?› አለኝ።
ምንም አልነካኝም።
ለእንግዳ የቆሸሸ ቤት አይሰጥም።»

ከላይ አንዴ ጉርምርም አለ፣
ባዶ ቤት ውስጥ ከባድ ቁም ሣጥን እንደ ተጎተተ ያለ።
ያን ክብ አየሁት፤ ያ ሁሉ ስፋት፣
ደፍ የለው፣ ደጃፍ የለው፣
ይዘውት የሚሸሹት አልጋ የለው።

ቪብከ ሥዕሏን ልታነሣው ስልኳን ስታዞር፣
ኑንዚያታ ቀደመች፤ መጥረጊያዋን ሰነዘረች፤
ኦሊምፐስን በአንድ ምት አካፋዬ ላይ ከመረች፣
«ይሄ ለቲማቲሙ ሥር።»
ስትጨርስ ደረጃው ንጹሕ ነበር፣
ዞራ ካለፈቻት ከአንዲት ባቄላ በቀር።